መብራቱን ማጥፋት ሌላ፣ ቀዳዳውን ማግኘት ሌላ

ታሪኩ የአንድ ሰው ሳይሆን የብዙዎች ስለሆነ ስም አያስፈልገውም።

ቦታው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው እንበል። ሹፌሩ ሌሊቱን ሙሉ ከኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ አድሮ፣ ንጋት ላይ ቤንዚን ቀድቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ብጫ የሞተር ምስል ቦግ አለች። ቼክ ኢንጂን። መኪናው እንደወትሮው ይሄዳል፤ አይንቀጠቀጥም፣ ጉልበቱም አልቀነሰም። ሹፌሩ ግን እንቅልፍ አጣ። በሚቀጥለው ወር የኢሚሽን ምርመራ አለበት፤ ያ መብራት እየበራ ደግሞ ምርመራው አይታለፍም። ምርመራው ካልታለፈ የመኪናው ምዝገባ አይታደስም። ምዝገባው ካልታደሰ ሥራ የለም።

መለዋወጫ መደብር ሄደ፤ ኮዱን በነጻ አነበቡለት። ፒ0455። «ከነዳጅ ትነት መቆጣጠሪያው ትልቅ ማምለጫ ተገኝቷል» ማለት ነው። ሻጩ አዲስ የነዳጅ ክዳን ሸጠለት። መብራቱ ጠፍቶ ቆየና በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። አንድ የሚያውቀው መካኒክ «ካኒስተሩ ነው» አለው፤ ብዙ መቶ ዶላር ከፍሎ አስቀየረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መብራቱ ዳግም በራ። ሦስተኛው ሰው ኮዱን በስልኩ አጠፋለትና «እስክትመረመር ይበቃሃል» አለው። አልበቃውም። የምርመራ ጣቢያው ማሽን የመኪናው ኮምፒውተር ፈተናዎቹን ገና አልጨረሰም ብሎ መለሰው።

በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ከሞተሩ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማይበልጥ አንድ ቫልቭ ነበር። መዝጋት ሲገባው አልዘጋ ብሎ ነው። ይህን ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ፍንጩም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበር፦ ቤንዚን በቀዳ ቁጥር ሞተሩ ቶሎ አልነሳ ይለው ነበር። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ይያያዛል ብሎ አላሰበም።

እዚህ ላይ በግልጽ መባል ያለበት ነገር አለ። ኮድ ማንበብ ምርመራ አይደለም። ኮዱ የምርመራው መነሻ ነው። ኮዱን አንብቦ ዕቃ የሚቀይር መካኒክ በደንበኛው ገንዘብ ይገምታል። ጥፋቱ ግን የመካኒኩ ብቻ አይደለም። ለዕቃ ያለ ክርክር እየከፈለ ለምርመራ ሲጠየቅ «አይተኸው ብቻ ነው እኮ!» የሚል ባለመኪናም እጁ አለበት።

ኮዱ ምን ይላል፣ ምንስ አይልም?

ቤንዚን መኪናው ቆሞም ይተናል። ትነቱ ወደ አየር እንዳይወጣ ከነዳጅ ታንኩ በቱቦ ተመርቶ ካኒስተር ወደሚባል፣ በከሰል ወደተሞላ ዕቃ ይገባል። ከሰሉ ትነቱን ይዞ ያቆየዋል። ሞተሩ ሲሠራ ፐርጅ የሚባለው ቫልቭ ይከፈትና ሞተሩ በራሱ የመሳብ ኃይል ያንን ትነት ጎትቶ ያቃጥለዋል። ከካኒስተሩ ወገን ደግሞ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ቬንት የሚባል ሌላ ቫልቭ አለ። ሥርዓቱ በአጭሩ ይህ ነው፦ ታንክ፣ ክዳን፣ ቱቦ፣ ካኒስተር፣ ሁለት ቫልቮችና አንድ የግፊት መለኪያ።

ይህ ነገር የመጣው ለቅንጦት አይደለም። የካሊፎርኒያ ተመራማሪው አሪ ሃገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሎስ አንጀለስን ዓይን የሚያቃጥል ጉም ሲያጠና፣ ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነት ከሌላ የመኪና ጭስ ጋር በፀሐይ ተዋሕዶ ኦዞን እንደሚፈጥር አሳየ። ካሊፎርኒያ ከ1970 ሞዴል ጀምሮ፣ መላው አሜሪካ ደግሞ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ትነታቸውን እንዲይዙ አስገደዱ። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የአሜሪካ ገበያ መኪኖች የተለመደውን የኦቢዲ ሁለት ሶኬት ይዘው መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ማምለጫ መኖሩን ራሱ እንዲፈትሽ ተደረገ። በመጀመሪያ እንዲያገኝ የተጠየቀው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ነበር። ከ2000 ሞዴል ወዲህ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታክል ቀዳዳ እንዲያገኝ ተጠየቀ።

ግማሽ ሚሊ ሜትር! ዓይን አያያትም፣ አፍንጫም ላያሸታት ይችላል።

ኮዶቹም በዚሁ መጠን ይለያያሉ። ፒ0455 ትልቅ ማምለጫ ነው። ፒ0442 ትንሽ፣ ፒ0456 ደግሞ እጅግ ትንሽ ማምለጫ ነው። ፒ0457 ክዳኑ ልል ነው ወይም የለም ብሎ ይጠረጥራል። ፒ0441 ትነቱ በተገቢው ጊዜና መጠን አልተሳበም ይላል። ልብ መባል ያለበት አንዳቸውም ቦታ አለመናገራቸው ነው። ፒ0455 «ካኒስተር ቀይር» አይልም። «ሥርዓቱን ዘግቼ ግፊቱን ለካሁት፤ አልያዘልኝም» ብቻ ነው የሚለው። ይህም ክዳኑ፣ ከታንኩ በላይ ያለው የነዳጅ ፓምፕ ጎሚኒ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የዛገ የመሙያ አንገት፣ ያልዘጋ ፐርጅ ወይም ያልዘጋ ቬንት ሊሆን ይችላል። ቤቱ ውስጥ ውሃ እንደሚፈስ ቆጣሪው ቢነግር፣ ቧንቧ ሠራተኛው ተነስቶ ሽንት ቤቱን አያፈርስም። መጀመሪያ የት እንደሚፈስ ያያል።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያሉ ብዙ የቶዮታ መኪኖች ይህን ፈተና የሚያደርጉት ሞተሩ ጠፍቶ አምስት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ነው። ካኒስተሩ ዘንድ ያለች ትንሽ ፓምፕ ራሷ ተነስታ አየሩን ትስባለች። ሹፌሩ ተኝቶ ሳለ መኪናው ራሱን ይመረምራል ማለት ነው። ቀን ከሌት የሚሠራ፣ አምስት ሰዓት ቆሞ የማያውቅ መኪና ግን ፈተናውን ሳይጨርስ ይከርማል። በሌሎች መኪኖችም ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ ታንኩም ባዶም ሙሉም መሆን የለበትም። «ኮዱ ጠፍቶ አንድ ሳምንት አልተመለሰም፣ ስለዚህ ተሠርቷል» የሚለው ሒሳብ የማይሠራው ለዚህ ነው። ላይመለስ የቻለው ገና ስላልተፈተነ ሊሆን ይችላል።

ምርመራ ማለት ምን ማለት ነው?

ምርመራ የሚጀምረው በጥያቄ ነው። መብራቱ መቼ በራ? ቤንዚን ከተቀዳ በኋላ ነው? ከማደያ ሲነሳ ሞተሩ ያስቸግራል? የቤንዚን ሽታ አለ? በቅርቡ የነዳጅ ፓምፕ ተቀይሯል? መኪናው ከኋላ ተገጭቶ ያውቃል? እያንዳንዱ መልስ ፍለጋውን ያጠበዋል። ከማደያ በኋላ አልነሳ ማለት ወደ ፐርጅ ቫልቭ ይጠቁማል፤ ምክንያቱም ቫልቩ ክፍት ከቀረ በአዲሱ ቤንዚን የተገፋው ትነት በቀጥታ ሞተሩን ያፍነዋል። ፓምፕ ከተቀየረ በኋላ የበራ መብራት በአሮጌ ጎሚኒ መልሶ የተገጠመን የታንክ ክዳን ያስጠረጥራል። ከኋላ የተገጨ መኪና ካኒስተሩና ቱቦዎቹ መታየት አለባቸው።

ሁለተኛው ዓይን ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ጎሚኒው መሰንጠቁ፣ የመሙያው አፍ መዛጉ ወይም መጣመሙ ይታያል። ክዳኑ «ቀጭ ቀጭ» እስኪል ተጠብቆ ይዘጋል። መብራቱ በክዳን ምክንያት ከበራ፣ ኮምፒውተሩ ፈተናውን በተከታታይ ሦስት ጊዜ ካለፈ በኋላ መብራቱን ራሱ ያጠፋዋል። ለዚህ ቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ይወስዳል። ክዳን ጠብቆ መጠበቅ ነጻ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መሞከሩ ትክክል ነው። ስህተቱ እዚያ ላይ መቆሙ፣ ወይም ከዚያ ዘልሎ በጣም ውድ ወደሆነው ዕቃ መሄዱ ነው።

ሦስተኛው ቫልቮቹን መፈተሽ ነው። ፐርጅ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ዝግ፣ ቬንት ደግሞ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ክፍት መሆን አለባቸው። ሶኬቱ የተነቀለ ፐርጅ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከካኒስተሩ በኩል ባለው አፉ ጣት ላይ የሚስብ ከሆነ አልዘጋም ማለት ነው። ከላይ ያለው ሹፌር መዳኛው ይህ ብቻ ነበር።

አራተኛው የጭስ ማሽን ነው። ማሽኑ ዘይት አሙቆ ጭስ ይሠራና በጣም በዝቅተኛ ግፊት ወደ ሥርዓቱ ያስገባል፤ ቬንቱ ተዘግቶ ይጠበቃል። ቀዳዳው ባለበት ጭሱ ይወጣል፤ ባለመኪናውም ቆሞ ያያል። የዚህ ማሽን ትልቁ ጥቅም ፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ክርክር መጨረሱ ነው። ጭሱ ሲወጣ እየታየ «አታለልከኝ» የሚል ደንበኛ የለም። በአንጻሩ ማሽኑን ለመተካት የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አየር መንፋት አደገኛ ነው። ሥርዓቱ ለዚያ ግፊት አልተሠራም፤ አየርና የቤንዚን ትነት ተደባልቀው ብልጭታ ካገኙ ደግሞ ምን እንደሚከተል ለማንም አይጠፋም። በዚሁ አጋጣሚ፦ መኪናው ከወትሮው የተለየ ጠንካራ የቤንዚን ሽታ ካለው፣ ወይም ከሥሩ የሚንጠባጠብ ነገር ከታየ፣ ጉዳዩ የመብራት አይደለም። መኪናው ቆሞ ወዲያው መታየት አለበት።

አምስተኛው ማረጋገጥ ነው። ኮዱን አጥፍቶ ቁልፍ ማስረከብ ማረጋገጥ አይደለም። ማረጋገጥ ማለት ኮምፒውተሩ የትነት ፈተናውን ራሱ አካሂዶ ሲያልፍ ማየት ነው።

የመካኒኮቹ መልስ

መካኒኮች ይህን ሲሰሙ መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም ውኃ የሚያነሳ ነው። «ለአንድ ሰዓት ምርመራ ክፈል ስንለው ትቶን ይሄዳል። ጎረቤት ያለው ኮዱን በነጻ አንብቦ ዕቃ ይሸጥለታል። እኛ ምን እንብላ?» ይላሉ። እውነት ነው። በሐበሻ ደንበኛና በሐበሻ ጋራዥ መካከል ደግሞ ዝምድናው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዕድሩ አለ፤ ለማየት ብቻ ዋጋ መጥራት እንደ ነውር ይቆጠራል። ውጤቱ ግን ለሁለቱም የከፋ ነው። የምርመራውን ዋጋ መጥራት ያፈረው መካኒክ ገንዘቡን በዕቃው ላይ ይፈልገዋል። ምርመራ መክፈል የቆጨው ደንበኛ የማያስፈልገውን ዕቃ ይገዛል። የሁለቱም ይሉኝታ ተደምሮ ከምርመራው እጥፍ በላይ ያስከፍላል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጋራዡ የምርመራ ዋጋውን በግልጽ ይለጥፍ፤ ያገኘውን ያሳይ፤ ጥገናውም እዚያው ከተሠራ ከፈለገ ይቀንስለት። ባለመኪናውም ሲገባ «ስንት ነው ዕቃው?» ሳይሆን «ጥፋቱን የምታገኘው እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። በቂ መልስ ያለው ጋራዥ ዋጋ ይገባዋል።

አዲስ አበባም ሩቅ አይደለም

አንዳንዱ ይህን የአሜሪካ ጣጣ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በከፊል ልክ ነው። የማምለጫ ፈተናው የአሜሪካ ሕግ የወለደው ነው። ለአውሮፓና ለብዙ ሌሎች ገበያዎች በተሠሩ መኪኖች ላይ ለረጅም ጊዜ ግዴታ ስላልነበረ ብዙዎቹ ይህ መፈተሻ የላቸውም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ጎዳና ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ ኮሮላና ራቭ ፎር ጥቂት አይደሉም። አንዳንዶቹ እዚያው ተገጭተው በጨረታ የተሸጡ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ተጠግነው የመጡ ናቸው። ከኋላ ተገጭቶ ውጪው ያማረ፣ ውስጡ ግን ቱቦው ያልተመለሰ መኪና ይህን ኮድ ቢያወጣ አይገርምም።

ከዚያ ሶማሌ ተራ አለ። የዚህ ኮድ የተለመደ ሕክምና ከየትኛው መኪና እንደወጣ የማይታወቅ ያገለገለ ካኒስተር መግዛት ነው። አለዚያም «እዚህ አገር አያስፈልግም» ተብሎ ዕቃው ተነቅሎ ቱቦው ይደፈናል። ቱቦውን መድፈን ግን መፍትሔ አይደለም። ታንክ መተንፈስ አለበት፤ አለአግባብ የተደፈነ ታንክ ወይ ነዳጅ መላክ ይከለክላል ወይ ትነቱን ሰው ወዳለበት ይመልሳል። የቤንዚን ትነት ደግሞ ካንሰር አምጪነቱ የታወቀውን፣ የነዳጁ አካል የሆነውን ቤንዞል የተባለ ኬሚካል ይዟል። ልጅ የሚሳፈርበት መኪና ውስጥ ይህ ሽታ «ይለመዳል» የሚባል አይደለም።

የከተማው ልማድም ይጨምርበታል። ማደያ ላይ ረጅም ወረፋ ተሰልፎ ቤንዚን ያገኘ ሰው ታንኩን እስከ አፉ ማስሞላቱ አይፈረድበትም። ግን ቀጂው እጀታው አንዴ ከቆረጠ በኋላ ሲጨምርለት ፈሳሹ ቤንዚን ለትነት ብቻ ወደተሠራው ካኒስተር ሊደርስ ይችላል። ከሰሉ አንዴ ከራሰ ይበላሻል። ያቺ የመጨረሻዋ ሊትር በኋላ ውድ ትሆናለች።

ከፍታው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ደንብ አምራቾች ከ8,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,438 ሜትር ገደማ በላይ ይህን ፈተና እንዲያቆሙ ይፈቅዳል። ወደ እንጦጦ ግድም የሚያድር መኪና ፈተናውን ላያካሂድ፣ ቦሌ ወርዶ ወይም አዳማ ደርሶ ሊያካሂደው ይችላል ማለት ነው። «ቤት ስሆን ይጠፋል፣ ክፍለ ሀገር ስወጣ ይበራል» የሚል ባለመኪና ቀልደኛ ተደርጎ መሳቂያ መሆን የለበትም።

«ነዳጅ ይበላል» የሚለውም ማስፈራሪያ መጠኑን ይያዝ። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ቤንዚን የሁሉም ሰው ጭንቀት ሆኗል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በዚያ ዕቃ ይሸጣል። ትንሽ የትነት ማምለጫ ግን ብቻውን የነዳጅ ፍጆታን ጎልቶ እስኪታይ አያንረውም። ክፍት የቀረ ፐርጅ የሞተሩን ድብልቅ ሊያዛባ ይችላል፤ እሱም የሚታወቀው ሲፈተሽ ነው።

ኮዱን ማጥፋት ማስረጃ ማጥፋት ነው

ከሁሉ የሚከፋው ልማድ «አጥፋልኝ» ነው። ኮምፒውተሩ ኮዱን ሲመዘግብ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ሁኔታ አብሮ ያስቀምጣል፦ የሞተሩን ሙቀት፣ ፍጥነቱን፣ በአንዳንድ መኪና የነዳጁን መጠን። ለጥሩ መካኒክ ይህ ወርቅ ነው። ኮዱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የሚቀጥለው መካኒክ ከዜሮ ይጀምራል።

መኪና ሲሸጥ ደግሞ ነገሩ ከስንፍና አልፎ ማታለል ይሆናል። ጠዋት ኮዱ ጠፍቶ ከሰዓት ገዢ ይመጣል፤ ዳሽቦርዱ ንጹሕ ነው፣ ደላላው ይምላል። የተባለው ውሸት ለማወቅ ግን ከባድ አይደለም። ርካሽ ስካነር እንኳ የትኞቹ ፈተናዎች እንደተጠናቀቁና የትኞቹ እንዳልተጠናቀቁ ያሳያል። ብዙ ፈተና «አልተጠናቀቀም» የሚል መኪና በቅርቡ ኮዱ ተጠርጎለታል፣ ወይም ባትሪው ተነቅሏል። ገዢ የቀለሙን ወፍራምነት በጣቱ ከሚያንኳኳ ይህን አንድ ገጽ ቢያይ ይሻለዋል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለሰው ብቻ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለአንዲት ብጫ መብራት ይበዛል የሚል ይኖራል። ግን ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። ከዚያ ወዲህ በእጅ ያለው የቤንዚን መኪና የሚተካው በቀላሉ አይደለም፤ ለዓመታት እየተጠገነ ይኖራል። የሚጠገንበት መንገድ እንግዲህ የኪስ ጉዳይ ነው፣ የጤና ጉዳይ ነው፣ ነገ ለሚገዛው ሰውም የእምነት ጉዳይ ነው። ቨርጂኒያ ያለው ሹፌርና ሳሪስ ያለው የሜትር ታክሲ ሹፌር የሚለያቸው የሚከፍሉበት ገንዘብ ዓይነት ብቻ ነው። ሁለቱም ጋራዥ ሲገቡ ሊሉ የሚገባው አንድ ነው፦ «መብራቱን አታጥፋልኝ። ቀዳዳውን አሳየኝ።»